የባዬ መዥገሮች

ባዬ ሪያድ፣ መንፉሐ ሰፈር ውስጥ በጠባብ ክፍሉ ሞቶ ሲገኝ፣ ምድር ቤት ሆና ለተከራዮቹ ምግብ የምትሠራው ዘቢባ ለዶክተር ረድኤት ደወለች።

«እህቴ፣ ድረሺልኝ። በምግብሽ ገደልሽው ይሉኛል። የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የለኝም፤ ፖሊስ ከወሰደኝ አለቀልኝ።»

ረድኤት መዥገር ከበግ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውን ባክቴሪያ ታጠናለች። በግ ጠባቂው ባዬ ከበጎች ጉረኖ መዥገር እየለቀመ በየሳምንቱ ያመጣላት ነበር። ሪያድ ውስጥ በአማርኛ «እንዴት ሰነበትሽ» የሚላት እሱ ብቻ ነው። ሰሞኑን ሳይመጣ ሲቀር አኩርፋ አልደወለችለትም። አሁን በኩርፊያዋ አፈረች።

ጓንት አጥልቃ አስከሬኑን መረመረች። መዳፉ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ከጉልበቱ ጀርባ ያለው የመዥገር ንክሻ ጥቁር ቅርፊት ይዟል። ከትራሱ አጠገብ ባለው ብልቃጥ ውስጥ ገና የተፈለፈሉ መዥገሮች ይርመሰመሳሉ። የተኙበትን ጥጥ ነካችው፤ እርጥብ ነው።

ክፍሎቹን የሚያከራየው መስፍን ሳይጠሩት አቤት ባይ ነበር። «አምስት ቀን ጉረኖ ከርሞ ዛሬ ጠዋት ገባ። የዘቢባን ሩዝ በላ፣ አስመለሰው፣ ኸላስ፣ ሞተ።»

«ሩዙን በእጅሽ ሰጠሽው?»

«ለመስፍን ነው የሰጠሁት። ደክሞት ተኝቷል አለኝ» አለች ዘቢባ።

«በአምስቱ ቀን ክፍሉ ውስጥ ማን ገባ?»

«ማንም» አለ መስፍን። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

በጎን ክፍል የሚያድረው ተከራይ፣ ሰማው፣ መሬት መሬቱን ያያል።

ረድኤት ሦስቱንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ባዬን የገደለው የመዥገር ትኩሳት ነው። ያ ነጠብጣብ በአንድ ጠዋት አይወጣም፤ ቀናት ይፈጃል።»

«ጉረኖ እያለ ታሞ ይሆናላ» አለ መስፍን።

«ብልቃጡስ? ሙቀት እንዳይፈጃቸው ከክፍሉ አያወጣውም። በዚህ ደረቅ አየር ደግሞ ጥጡ በየቀኑ ካልረጠበ ያልቃሉ። ማንም ካልገባ ማን አረጠበላቸው? ባዬ እዚሁ ነበር፣ መስፍን። ቆልፈህበታል። የሚጠጣውን ውሃ ከመዥገሮቹ ጋር እየተካፈለ ሞተ።»

መስፍን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «አምቡላንስ ብጠራ ፖሊስ ይከተላል። እዚህ አሥራ ሁለት ሰው ኢቃማ የለውም። ደግሞ የሚጋባ መሰለኝ።»

«ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። በጊዜው ቢታከም በኪኒን ይድን ነበር።» ወደ ዘቢባ ዞረች። «ያላ፣ ዕቃሽን ያዢ። እኔ ቤት ትሄጃለሽ። ፖሊሶቹን የማናግረው እኔ ነኝ።»

ያኔ ሰማው ተነፈሰ። «ግድግዳውን ያንኳኳ ነበር።»

«ክፈቱልኝ እያለ?»

«እሱን የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ‹ሰማው ወንድሜ፣ መክፈቱ ይቅር፤ ዝም ብለህ አውራኝ› ነበር የሚለኝ።»

«አወራኸው?»

«ቤቱ ውስጥ ሰው የሌለ ይምሰል ተብለን ነበር» አለ ሰማው። «ዝም አልኩት።»