ፊልሙ ሳያልቅ የሞተው ዳይሬክተር

ፕራኒል ከበረንዳው ሥር፣ ዐለቱ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ኢንስፔክተር ማካሬታ ከላይ ሆና አየችውና የበረንዳውን መደገፊያ ብረት ጨበጠች። ብረቱ ደረቷ ድረስ ይደርሳል። ሰው ተንሸራትቶ የሚወድቅበት አይደለም፤ አንድ ጉልበተኛ አንስቶ ወርውሮታል።

ቤቱ ከሱቫ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ነው፤ የፊልም ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ተከራይተውታል። ሟቹ ዳይሬክተራቸው ነበር። ፖሊሶቹ ድምፅ ቀጂዋን ሊቲያናን አስቀድመው በካቴና አስረዋታል፤ ቀረጻው ሲያልቅ ሌሎቹ ሄደው ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር የቀረችው እሷ ብቻ ናት ተብሏል። እስኪመሽ ሌላ ሰው ካልተገኘ በግድያ ትከሰሳለች።

«ጠዋት ሰድበሽዋል አሉ» አለቻት ማካሬታ።

«ሰድቤዋለሁ። እሑድ ቀን እንኳ አያሳርፈንም። ቢነሳ አሁንም እሰድበዋለሁ።»

«ቀረጻው ካለቀ በኋላስ?»

«ራሴን አሞኝ ሶፋው ላይ ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የካሜራ ባለሙያችን የሳኪኡሳ ጩኸት ነው።»

መምህራቸው ኤሞሲ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣበትን ልብስ እንኳ ሳይለውጥ ጣልቃ ገባ። «ምን ያደክምዎታል? ይህች ልጅ ምላሷ መርዝ ነው። ለፖሊሶቹም የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«መዘምራን መካከል! ምእመኑን ሁሉ ይጠይቁ።»

ማካሬታ ስልክ አስደውላ አጣራች፤ እውነቱን ነበር። ሳኪኡሳ ግን ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እኔ ቀረጻው እንዳለቀ ባትሪ ልገዛ በቫኗ ከተማ ወረድኩ። ሱቁ ዝግ ነው። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

«ቫኗን የምትነዳው አንተ ነህ?»

«ሁልጊዜ የሚነዳው እሱ ነበር፤ ጌታ አይደል! ዛሬ ግን ቁልፉን በሩ አጠገብ ካለው ምስማር አንስቼ ሄድኩ። ስመለስም እዚያው ሰቀልኩት። ከጠፋ ሊቲያናን ጠይቋት።»

ምስማሩ ላይ ቁልፍ አልነበረም። ማካሬታ ወጥ ቤት ገባች። ሙቀቱ ያፍናል፤ ፍሪጁ ድምፅ የለውም። ስትከፍተው የዓሣ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ከላይ የተቀመጠው ቀይ የጭማቂ በረዶ ቀልጦ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ተንጠባጥቧል። እዚያ የቫኗ ቁልፍ፣ ከነላስቲክ ማንጠልጠያው ተኝቷል። ጎንበስ ብላ መረመረችውና በመሐረብ አነሳችው።

ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ዛሬ ተማሪዎቹ ከፊልሙ ሥራ የተማሩትን የሚናገሩበት ቀን ነበር» አለ ኤሞሲ እየተነጫነጨ።

«እንግዲያው እኔ ልጀምር። ሊቲያና፣ ፍሪጁን ማን አጠፋው?»

«እኔ። ጉርምርምታው ቀረጻ ውስጥ ይገባል።»

«ቁልፉንስ?»

«ሁልጊዜ ፍሪጁን ሳጠፋ የቫኗን ቁልፍ ውስጡ አደርጋለሁ። ቁልፉን ሊወስድ የመጣ ሰው ፍሪጁን ማብራት አይረሳም። ድምፅ ቀጂዎች ሁሉ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ማካሬታ ወደ ሳኪኡሳ ዞረች። «ቀረጻው ሲጀመር ቁልፉ ከምስማሩ ተነስቷል። አንተ ከየት አባትህ አገኘኸው?»

«እኔ ከሰቀልኩት በኋላ እሷ ከታዋለች!»

«ይህን እንደምትል ጠብቄያለሁ። በኋላ ቢከተት ኖሮ ቀዩ ጠብታ ላይ ይተኛ ነበር። ጠብታው ግን ከቁልፉ ላይ ነው ያለው፤ ከማንጠልጠያው ሥር መደርደሪያው ንጹሕ ነው። በረዶው መቅለጥ ሳይጀምር ጀምሮ ቁልፉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቫኗም አልተነሳችም። አንተ ከዚህ ቤት አልወጣህም።»

የሳኪኡሳ ፊት ደም መሰለ። «ስሜን ከፊልሙ ሊያወጣው ነበር! ዓመት ሙሉ ካሜራ ተሸክሜ፣ 'ሌላ ሰው አግኝቻለሁ' ይለኛል?» ከዚያ ሊቲያና ላይ ጮኸ። «አንቺ እብድ! ፍሪጅ ውስጥ ቁልፍ የሚያስቀምጥ ማን አለ?»

ካቴናው ከሊቲያና እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። ሊቲያና አንጓዋን እያሸች ተጠጋችው።

«የመጀመሪያ ቀን ለሁላችሁም ነግሬያችሁ ነበር። በቫኗ እንደሄድክ ሲነግሩኝ ለምን ዝም ያልኩ ይመስልሃል? ፍሪጁን ከፍተህ ቁልፉን የወሰድክ መስሎኝ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሰምቶኛል ብዬ ባምንህ፣ እስር ቤት ልትከተኝ ነበር።»