ድምፅ የዩሩብ ነበር

«ቡድን ሦስት፣ ድምፅ የማን ነበር?»

መምህርት ተሻለች ጠመኔ እንደያዙ ከሰሌዳው ዘወር አሉ። የቡድኑ ዴስክ ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። ሳሃል የእስክሪብቶውን ክዳን ነከሰ። ማዘንጊያ ደብተሯን ገለጠች፣ መልሳ ዘጋችው። ዩሩብ ሁለት እጆቿን ዴስኩ ሥር ከተተች።

«የዩሩብ ነበር፣ ቲቸር» አለች ማዘንጊያ በመጨረሻ።

«እሺ ዩሩብ፣ አንብቢልን።»

«አልጨረስኩትም።»

መምህርት ተሻለች ሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ በዋዛ የሚያልፉ ሴት አልነበሩም። ዛሬ ግን ዓይናቸው ዴስኩ ጫፍ ላይ፣ ማንም ያልተቀመጠበት አራተኛው ቦታ ላይ ዐረፈና «ይሁን ልጄ» ብቻ አሉ።

ቦታው የጦልሃ ነበር። ጦልሃ ባለፈው ረቡዕ ሞቷል። ደቻቱ ወሰደው።

የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሸጥበታል፣ ፍየል ይጎተትበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ነገር ግን ድሬዳዋ ላይ ጠብ ሳይል ደንገጎ ተራራ ላይ ከዘነበ ውሃው ሳይታሰብ ከላይ ይመጣል። የከተማው እናት ሁሉ «ሰማዩ ጠርቷል ብለህ አትመን፣ ደንገጎን እይ» እያለች ነው ልጇን የምታሳድገው። ልጅ ይሰማል፣ ይሰማል፣ አንድ ቀን ይረሳል። እሷ አንዷ ቀን ደግሞ ትበቃለች።

የስምንተኛ «ለ» ተማሪዎች ገላጭ ድርሰት በቡድን መማር ከጀመሩ አንድ ወር ሊሆናቸው ነው። አራት ሆነው አንድ ቦታ ይመርጣሉ፤ አንዱ ያየውን፣ አንዱ የሰማውን፣ አንዱ ያሸተተውን፣ አንዱ የዳሰሰውን ይጽፋል፤ ከዚያ ራስ ለራስ ገጥመው አራቱን አንድ ድርሰት ያደርጉታል። ማርኩም የአራቱ ነው፤ የአንዱ ድርሻ ከጎደለ ከሁሉም ይጎድላል። መምህርት ተሻለች አጥብቀው የከለከሉት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው «ጥሩ» እና «ቆንጆ» የሚሉትን ቃላት ነው፤ «ገበያው ቆንጆ ነው ካላችሁኝ ገበያውን አላያችሁትም» ይላሉ። ሁለተኛው የራስን ድርሻ ለሌላ መስጠት ነው። «ማርኩ የጋራ ነው፤ ጆሮው ግን የየራስ ነው። ስትሰጣጡ ካገኘኋችሁ አራታችሁም ዜሮ ናችሁ።»

ቡድን ሦስት የመረጠው ደቻቱ አሸዋ ላይ የሚነጠፈውን ገበያ ነበር። ማየት ለሳሃል፣ መዳሰስ ለማዘንጊያ፣ ማሽተት ለጦልሃ፣ መስማት ለዩሩብ ደረሰ።

«ስሙኝ» አሉ መምህርት ተሻለች ወደ ዴስኩ ተጠግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገበያውን ተዉት። ነገ ከሰዓት ክፍሉ በሙሉ ጦልሃ ቤት ለቅሶ ይደርሳል። እናንተ ስለ እሱ ጽፋችሁ እናቱ ፊት ታነቡታላችሁ። በለመድነው መንገድ።»

«በለመድነው መንገድ ማለት፣ ቲቸር?» አለ ሳሃል።

«ማየት፣ መስማት፣ ሁሉም። ጥሩ ልጅ ነበር እንዳትሉ። እሱንማ ለቀስተኛው ሁሉ ብሏቸዋል። እናንተ ልጃቸውን አሳዩአቸው።»

በዕረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ወረፋ ነበር። ከሦስቱ ፊት የቆመው ፈሃድ ለጓደኛው ያወራል፤ ቀስ ብሎ የሚያወራ መስሎታል።

«ድልድይ ሥር ካርታ የሚጫወቱትን ታውቃቸዋለህ አይደል? ከነሱ ጋር ነው ውሃው የደረሰበት አሉ። እናቱን ለጥናት ነው ብሎ ዋሽቷት።»

«ዋርያ!» አለች ማዘንጊያ። «አንተ እዚያ ነበርክ? አፍህን ብትሰበስብ ምን አለ?»

«አቦ፣ እኔ ምን አደረግኩሽ? እናቱ ራሳቸው ናቸው ያሉት! እናቴ ከዚያ ነው የመጣችው። "ዋሽቶኝ ሄደ፣ የመጨረሻ ቃሉ ውሸት ሆነ" እያሉ ነው የሚያለቅሱት።»

ዩሩብ ተራዋ ደርሶ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው እጇ ላይ ፈሰሰ። አልጠጣችም። የሂናው ቀለም መዳፏ ላይ ገና እንደ ደም ቀልቷል፤ አምስት ቀን ሙሉ በሳሙና ስትፈትገው አልለቅ ብሏታል።

ጦልሃ አልዋሸም። ይህን ከዩሩብ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

ያን ረቡዕ የአክስቷ ልጅ የኢስታር ሰርግ አራት ቀን ቀርቶት ነበርና ሂና የምትቀባዋ ሴት እነዩሩብ ቤት መጣች። ድርሰቱ ለመምህርቷ ሐሙስ ነው የሚሰጠው። ዩሩብ ሰኞ ወደ ገበያው መውረድ ነበረባት፤ ፀሐዩ በረታባት። ማክሰኞም መሄድ ትችል ነበር፤ ተከታታይ ድራማው አለፈኝ ብላ ቀረች። ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ጦልሃ ከበራፉ ጮኸ።

«ዩሩብ! ጆሮሽን ይዘሽ ውጪ! ነገ'ኮ ነው!»

ሁለት እጆቿን እንደ ሌባ ወደ ላይ አንስታ ወጣች፤ ሂናው እርጥብ ነበር።

«አቦ! ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አትሳቅ። በዚህ እጅ የት እሄዳለሁ? አንተ ሂድልኝ ጦልሃ። ሰምተህ ትነግረኛለህ፣ እኔ ማታ እጽፈዋለሁ።»

«እኔ ሽታዬን ጨርሻለሁ። ቲቸር ብታውቅስ?»

«ማን ይነግራታል? እባክህ። ዜሮ ብንሆን ሳሃል ይገድለኛል።»

ጦልሃ ራሱን አከከ፤ ከዚያ ሳቀ። «እሺ በቃ። አፍንጫና ጆሮ ጎረቤት ናቸው፣ አብረው ይሄዳሉ። እናቴን ለጥናት ነው ብያት ልለፍ። አንቺ ብቻ አሳምረሽ ጻፊው፤ "ገበያው ይጮሃል" ብለሽ እንዳታዋርጂኝ።»

ከጀርባው፣ ከጣራዎቹ በላይ፣ ደንገጎ ጠቁሮ ነበር። ዩሩብ አይታዋለች። ሂና ቀቢዋም «ላይ ዝናብ ነው መሰለኝ» ብላለች። ዩሩብ ግን ቀለሙ እንዳይበላሽባት እጇን እያራገበች ገባች። ጦልሃ የመንገዱ ጥግ ጋ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጮክ ብላ ብትጠራው ይሰማት ነበር። ልጅ ናት እንግዲህ፣ ማን ክፉ አሰበ? ግን አልጠራችውም።

የኢስታር ሰርግ እሑድ አለፈ። ዩሩብ አሞኛል ብላ ተኝታ ዋለች። እናቷ ግንባሯን ዳብሳ ትኩሳት አጣችባትና የባሰ ደነገጠች።

ከትምህርት በኋላ ሦስቱ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሳሃል የጻፈውን አነበበ። «ጦልሃ ቦርሳውን በግራ ትከሻው ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ስለዚህ ሲሄድ ትንሽ ያጋድላል። ሊስቅ ሲል መጀመሪያ ቀኝ ዓይኑ ይጨፈናል። አፉ እስኪከፈት እኛ ቀድመን እንስቃለን።»

ማዘንጊያ ቀጠለች። «እጁ ሻካራ ነበር፤ ለእናቱ ከሰል ስለሚሸከም። ሰላም ሲል አጥብቆ ይጨብጥና "ይቅርታ፣ ጎዳሁሽ?" ይላል። ሁልጊዜ።»

«ሽታን ማን ይጻፍ?» አለ ሳሃል።

ሽታ የጦልሃ ነበር።

«ሳምቡሳ» አለች ማዘንጊያ። እናቱ አዴ ናዲፋ ሳምቡሳ ይሸጣሉ። «ዩኒፎርሙ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይላል። ትዝ ይልሻል፣ ፈተና ላይ ራበኝ ብለሽ ከጎኑ ልነሣ ያልሽው ቀን፣ ዩሩብ?»

ሳሃል ሳቀ፤ ማዘንጊያም ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠባቸውና ማዘንጊያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዩሩብ ወረቀቷ ላይ ያለችውን አንዲት መስመር ሰረዘች። «ድምፁ ጥሩ ነበር» ይላል።

«አንቺስ?» አለ ሳሃል ዓይኑን እየጠራረገ። «ድምፅ ያንቺ ነው።»

«አልመጣልኝም።»

«እንዴት አይመጣልሽም? ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውል ልጅ! አንድ ያለውን ነገር ጻፊ።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሰማኝ» አለች ዩሩብ። «"እናቴን ለጥናት ነው ብያት ልለፍ" ያለው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሂናውን፣ ድራማውን፣ የጠቆረውን ደንገጎ። ስትጨርስ ማዘንጊያ በቀስታ ከአጠገቧ ፈቀቅ አለች፤ አስባው ሳይሆን እንዲሁ አካሏ ፈቀቅ አለ። ዩሩብ ግን አየችው።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለ ሳሃል። «እውነቴን ነው። ማርኩን ተይው፣ ማርኩ ገደል ይግባ። ግን ሰው በአንቺ ነው የሞተው ይላል። ሰፈር ውስጥ መሄጃ ታጫለሽ። እሱ እንደሆነ አይመለስ።»

«እናቱስ?» አለች ማዘንጊያ ፊቷን ሳትገልጥ። «ልጄ ዋሸኝ እያሉ ይኑሩ?»

«ነገ ድርሰቱ ላይ ትጻፈዋ! ማለቴ… ሳትናገር…»

«ሃምሳ ልጅ ፊት? ፈሃድ እየሰማ? እናትየው ከፈሃድ እኩል ይስሙት?»

ዩሩብ ወረቀቷን አጥፋ ተነሣች። «አብሬሽ ልምጣ?» አለች ማዘንጊያ። ዩሩብ ራሷን ነቀነቀች፤ እንቢ ማለቷ ነበር። ድርሻዋን አንዴ ለሰው ሰጥታለች።

የጦልሃ ቤት ድንኳን ገና አልተነሣም። ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሴቶቹ በመጋረጃ ተለይተው ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። አዴ ናዲፋ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። በአምስት ቀን ውስጥ አንገታቸው ቀጥኗል። ዩሩብ በሩ ላይ ቆመች፤ ዞራ ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም ነበር፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት።

«ኮቱ» አሉ አዴ ናዲፋ፣ ከአጠገባቸው ያለውን ምንጣፍ እየመቱ። «ነይ፣ ቁጭ በይ። የማን ልጅ ነሽ?»

«ዩሩብ ነኝ፣ አዴ። ከጦልሃ ጋር አንድ ቡድን ነን።»

«አላህ ያሳድግሽ። ለጥናት ነው ብሎ ከቤት ሲወጣ እንዳንቺ ያለ ልጅ ጋ መስሎኝ ነበር። እሱ ለካ…»

«ለጥናት ነበር» አለች ዩሩብ።

አዴ ናዲፋ ቀና አሉ።

«አልዋሸም፣ አዴ። እኔ ነኝ የላክሁት። ገበያው ውስጥ ያለውን ድምፅ ሰምቶ እንዲነግረኝ። የቤት ሥራ ነበር፣ የኔ ነበር። ካርታ ሊጫወት አልሄደም። በኔ ፈንታ ነው የሄደው።»

ምንጣፉ ላይ ከነበሩት ሴቶች አንዷ «ያ ረቢ» አለች።

«አንቺ ለምን አልሄድሽም?» አሉ አዴ ናዲፋ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ታምሜ ነው ማለት ይቻል ነበር። እናቴ ከለከለችኝ ማለትም ይቻል ነበር። ዩሩብ መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ሂና እየተቀባሁ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናትም ሰነፍኩ። ደንገጎ ሲጠቁር አይቻለሁ። አልጠራሁትም።»

አዴ ናዲፋ መዳፎቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንዲት አሮጊት ዩሩብን በዓይን «ሂጂ፣ ውጪ» አሏት። ዩሩብ ግን ከምንጣፉ አልተነሣችም።

«ኢልማ ኮ» አሉ አዴ ናዲፋ ለግድግዳው። «ልጄ። እውነቱን ነው የነገረኝ?»

«እውነቱን ነው፣ አዴ።»

«ያለውን በይልኝ። እሱ እንዳለው።»

ዩሩብ አለችው። ድምፁን ለማስመሰል አልሞከረችም፤ ቃሉን ብቻ አንድ በአንድ፣ የአፍንጫውንና የጆሮውን ቀልድ ሳይቀር። አዴ ናዲፋ ፊታቸውን መለሱ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ግን አልጠረጉትም። ዩሩብን አላቀፏትም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም። ወደ መጋረጃው ጠቆሙ።

«አባቱ ከዚያ ወዲያ ነው። አጎቶቹም አሉ። ከረቡዕ ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተዋል። ይሄን ያህል ቀስ ብለሽ ካወራሽ አይሰሙሽም።»

ከመጋረጃው ወዲያ የወንዶች ጉርምርምታ ይሰማል። ዩሩብ ወደ በሩ አየች፤ ክፍት ነበር። ከዚያ ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ መጋረጃው ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።