ሠላሳ ሁለት ያለችው መርፌ

ሠራተኛው ወርሳሜ በጨርቅ ፋብሪካው ማድረቂያ ክፍል፣ ከብረት በሩ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ጥፍሮቹ ተላልጠዋል። መርማሪው መቶ አለቃ አለምብርሃን ሬሳውን ሲያገላብጥ ከሟቹ ኪስ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ወደቀ፤ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጣሟል።

«ሚስቱ በምሳው መርዝ ሰጥታው ነው» አለ ካቦ ዲሪር፣ ጫቱን በጉንጩ እያገላበጠ። «በመርዝ ሲንሰፈሰፍ ነው ጥፍሩን የጨረሰው።»

ሚስቱ ዑግባድ ከንጋት ጀምሮ ታስራለች። ለጣቢያው አዛዥ ሬሳ ካለ ሚስት አለች፤ ሌላ ምርመራ አያውቅም። በነፍስ ግድያ ከተከሰሰች መጨረሻዋ ገመድ ነው። አለምብርሃንን ይህ ችኮላ አንገሸገሸው።

«ሙቀት ገድሎት ቢሆንስ?» አለ፣ የተጣመመውን ማበጠሪያ እያነሣ።

«የምን ሙቀት?» ዲሪር ከበሩ አጠገብ ያለውን ክብ መለኪያ በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይቺ መርፌ የውስጡን ሙቀት እዚህ ውጭ ታሳያለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሠላሳ ሁለት ላይ ነበረች። ዘበኛውን ጠይቅ!»

«ወላሂ ጌታዬ፣ ሠላሳ ሁለት» አለ ሽማግሌው ዘበኛ ፋራህ። «ካቦው እየተመላለሰ ‹ስንት ትላለች? ጮክ ብለህ ንገረኝ› ይለኝ ነበር።»

«ሌላ ቀንስ ይጠይቅሃል?»

«ኧረ ሰላምታም አይሰጠኝ!»

መካኒኩ ቡልቻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ከሟቹ ጋር ተደባድበሃል አሉ» አለው አለምብርሃን።

«በኳስ ነዋ! አቦ፣ በኳስ የተጣላ ሁሉ ከገደለ ድሬዳዋ ሰው ይተርፋታል? ይልቅ ካቦውን ጠይቅ። ክር ፈታይዋን ደሄቦን እዚሁ ማድረቂያ ውስጥ ዘግቶባት አስነውሯታል። ወርሳሜ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ፊት ሊመሰክርበት ነበር።» ምራቁን ተፋ። «እህቴ ብትሆን እኔ ነበርኩ የምገድለው።»

አለምብርሃን ወደ ክፍሉ ገባ። ከማራገቢያው ፊት ጣት የምታህል የመዳብ ቱቦ ተንጠልጥላለች፤ ገላዋ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በጥፍሩ ፋቀው። በድሬዳዋ ማንቆርቆሪያ ሁሉ ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ኖራ ነው።

በማግስቱ ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰባቸው። ዑግባድም በካቴና መጣች። መርፌዋ ሠላሳ ሁለት ላይ ቆማለች።

«ካቦ፣ ማበጠሪያውን ውስጥ ረስቼዋለሁ። ግባና አምጣልኝ።»

«እኔ? ዘበኛው ይግባ።»

«እሺ ጌታዬ» ብሎ ፋራህ ሲነሣ አለምብርሃን ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ካቦውን ነው ያልኩት።»

«አልገባም!»

«ለምን? ሠላሳ ሁለት እኮ ነው። ከመንገዱ ይሻላል።»

«ልትቀቅለኝ ነው!»

ዲሪር ከበሩ ወደ ኋላ ሸሸ።

«የማሞቂያ ቧንቧዎቹን እንፋሎት የከፈትኩት ከቡልቻ ጋር ተደብቄ ነው» አለ አለምብርሃን። «አንተ በሩን እንኳ አልነካህም። መርፌዋ እንደምትዋሽ በምን አወቅህ?»

ወደ ሌሎቹ ዞረ። «መርፌዋ ክፍሉን አታውቅም። የምታውቀው ውስጥ ያለችው ቱቦ የነገረቻትን ብቻ ነው። ቱቦዋ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲሞቅ ያብጣል፤ ማበጡ በቀጭን ቧንቧ እስከዚህ ይገፋል፤ ግፊቱ መርፌዋን ያዞራል። ቱቦዋ ከተታለለች ቁጥሩ ሐሰት ነው። ከትናንት ወዲያ ጥላ ውስጥ እንኳ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። ቆርቆሮ ጣራ ያለው ማድረቂያ ከጥላ ሊቀዘቅዝ? በዚህ ሐሩር ከአየሩ ቀዝቅዞ የሚውለው እርጥብ ጆንያ ለብሶ ነፋስ ላይ የተሰቀለ የውሃ ጠርሙስ ነው። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ሰው ቱቦዋን እርጥብ ጨርቅ አለበሳት፤ የጨርቁን ጫፍ እንዳይደርቅ ጣሳ ውሃ ውስጥ ነከረው። ወርሳሜን ‹መደርደሪያ ጠግን› ብሎ አስገብቶ ቀረቀረበት፤ እንፋሎቱን ለቀቀበት። በኋላ ጨርቁን ሰበሰበ፤ ውሃው የተወው ኖራ ግን ቀረ። እኔም ዛሬ ያንኑ አደረግሁ።»

«ቡልቻም ይችላል!» ጮኸ ዲሪር።

«ቡልቻ ቢሆን መርፌዋን በመፍቻ ያዞራት ነበር። ደግሞስ ሰው ሳይሞት ለቁጥር ምስክር የሚያዘጋጅ ማነው? አንተ ቆሻሻ፣ ሰው እየበሰለ ‹ስንት ትላለች› እያልክ ትመላለስ ነበር!»

ካቴናውን ከዑግባድ እጅ ፈትቶ ለዲሪር አጠለቀለት። እሷ ግን ካቦውን አላየችውም።

«አዴር ፋራህ» አለች፣ እንደ አጎት እየጠራችው። «ባሌ በሩን አልመታም?»

ዘበኛው አቀረቀረ። «መታ። ብዙ መታ።»

«ታዲያስ?»

«መርፌዋን አየሁ፤ ሠላሳ ሁለት ትላለች። ካቦውም ‹ተወው፣ እየቀለደ ነው› አለኝ።»

አለምብርሃን ጥላቻውን ሁሉ በዲሪር ላይ የጨረሰ መስሎት ነበር። አልጨረሰም።

ዑግባድ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«በሩ ብረት ነው አዴር» አለች። «የምትዳስስበት እጅ አልነበረህም?»