የጽራር ጫፍ እሳት

በዘርሜት መንግሥት ምንጮች ሁሉ በአንድ ማለዳ ደም መሰሉ። ውኃን የሚጠራው ሰማያዊ ዕንቁ ተሰርቆ ነበር፤ የሰረቀውም ጭጋግ የሚተነፍሰው አውሬ፣ ዘንዳር ነው። የካርታ ተማሪዋ ነሲማና አንጋፋው ተዋጊ ጉልማር እስከሚኖርበት ሸለቆ ድረስ ዘልቀው ዕንቁውን ከዋሻው አወጡት። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መውጫው ጠፋ!

በዘርሜት ደንብ ካርታ የሚሣለው በማዕረግ ነበር። የንጉሡ የአደን ሜዳ የብራናውን ግማሽ ይይዛል፤ ማንም የማይሾምበት ሸለቆ ግን ክር አክሎ ይሰመራል። እነሱም ያን ክር አምነው ገቡ። ወይ ጉድ! ክር የተባለው እልፍ መንታ መንገድ ያለው ገደል ሆኖ ተገኘ። በቀኝም ሄዱ በግራ፣ ተመልሰው እዚያው ዓለት ሥር። ግድግዳው ሰማዩን አጥብቦታል፤ ጭጋጉ ደረት ላይ ይጫናል። ነሲማ ትንፋሽ አጠራት።

«እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ እዚሁ ጎጆ እንቀልስ?» አላት ጉልማር።

«ጋሼ፣ አይቀልዱ! ሕዝቡ በጥም እያለቀ ነው» አለች። ውሸታሙን ካርታ ገለበጠችና በባዶው ጀርባ ላይ ሁለት ነጥብ አኖረች። «ይህ የዘርሜት በር ግንብ፣ ይህ ከበላያችን ያለው የጽራር ተራራ ጫፍ። የሁለቱ ቦታ በገመድ የተለካ ነው። የግንቡ እሳት በጭጋጉ ውስጥ ይታየኛል። ጫፉም ላይ እሳት ቢኖር፣ የሁለቱንም አቅጣጫ ሰሜንን በሚያመለክተው መርፌዬ ለክቼ አሰምራለሁ፤ መስመሮቹ የተገናኙበት እኔ የቆምኩበት ነው። በየመንታው እንዲህ ካደረግሁ የትኛው ወደ ኋላ እንደሚመልሰኝ አውቃለሁ።»

ጉልማር ቀና ብሎ ዓለቱን አየ። «እሳት ዘንዳርን ይጠራል» አለ።

ጫፉ ራቁት ዓለት ነው፤ በዚያ ነፋስ ያላቸውን ችቦ በእጅ ይዞ መቆም ግድ ይላል።

«እኔ ልውጣ» አለች ነሲማ።

«መርፌውን ማን ሊያነበው? እኔ?» ሳቀ ጉልማር። ከዚያም ሰይፉን መሬት ላይ ተክሎ ተንበረከከ። «በዘርሜት ውኃ እምላለሁ! አንቺ ከዚህ ገደል እስክትወጪ ይህ እሳት ከጫፉ ንቅንቅ አይልም!»

ችቦውን ታጥቆ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን ፈነጠቀ።

ነሲማ በየመንታው እየቆመች ለካች፣ አሰመረች። ነጥቦቹ ወደ ኋላ መታጠፍ ሲጀምሩ ያን መንገድ ትታ ሌላውን ያዘች። ሸለቆው ከእጇ ሥር ቀስ በቀስ ቅርጽ አወጣ። ድንገት ተራራው በጩኸት ተናጠ። ዘንዳር! እግሯ ወደ ጉልማር ሊመልሳት ቃጣው፤ ዕንቁውን በጉያዋ ይዛ እያለቀሰች ወደፊት ሄደች። በመጨረሻው መንታ ላይ መርፌዋን አስተካክላ ወደ ጫፉ አነጣጠረች። እሳቱ አሁንም እዚያው ነበረ። መስመሮቹ ተገናኙ፤ መንገዱ በግራ ነው። ሮጠች።

ዕንቁው የበሩን ደፍ እንዳለፈ ምንጮቹ በጠራ ውኃ ፈነዱ። ሕዝቡ እልል እያለ ውኃው ውስጥ ገባ። ነሲማ ግን ወደ ተራራው ዞረች። ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ መውጣቷን የምታሳውቅበት ምልክት ከጉልማር ጋር አልተስማሙም።

«ጋሼ! ወጥቻለሁ! ይሽሹ፣ ይበቃል!» እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች።

እሳቱ ንቅንቅ ሳይል ቆየ። ከዚያ ጠፋ።