የሰባት ቁጥር እርጎ

«ሰባት ቁጥር ፏ ብሏል» አለ ተማሪው ፊራኦል ሳቁን አፍኖ።

መምህርት ሸዋገነት ግን አልሳቁም። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ካመጡት እርጎ ባክቴሪያ ያበቀሉበትን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አሳዩዋቸው። በሌሎቹ ሳህኖች፣ መድኃኒት ውስጥ በተነከሩት ትንንሽ ወረቀቶች ዙሪያ ምንም አልበቀለም። ሰባት ቁጥር ላይ ግን ባክቴሪያው ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ያለበት ወረቀት ጥግ ድረስ ሞልቷል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ሰው ላያሳምሙ ይችላሉ አሉ መምህርቷ፤ መድኃኒት የመቋቋም ችሎታቸውን ግን ለበሽታ አምጪዎቹ ሊያወርሱ ይችላሉ። የማን ቤት እንደሆነ ለመናገር ማንም አይገደድም። የሚፈቅድ ካለ ግን የእንስሳት ሐኪም ሊልኩለት ዝግጁ ናቸው።

ዱረቲ አንገቷን ደፋች። ሰባት ቁጥር አብራት የምትኖረው፣ አዳዳ የምትላት የአባቷ እህት የአያንቱ እርጎ ነበር።

ባለፈው ወር የአያንቱ ላም ጡቷ አበጠ። አያንቱ ከጎረቤት የተረፈ መድኃኒት ለምና በግምት ወጋቻት፤ እብጠቱ ሲጎድል በሁለተኛው ቀን አቆመች። ወተቱን አልደፋችም። ወተቱ ውስጥ በቀረው መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም፣ ያን ሰሞን እርጎው አልረጋ ብሎ አስቸግሯት ነበር። ቆይቶ ረጋ፤ የባኬ ጃማ ሰፈር ደንበኞቿም እንደወትሮው ወሰዱ።

ዱረቲ ይህን እንዴት ብላ ትንገራት? ለትምህርት ከትውልድ ቀዬዋ ከቢላ ያመጣቻት አያንቱ ናት። ዱረቲ ስድስተኛ ክፍል ሳለች ታይፎይድ ይዟት፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አልሠራ ብሎ በሦስተኛው እስክትድን፣ አሥራ አንድ ቀን አልጋዋ አጠገብ የሆስፒታል ወለል ላይ የተኛችውም አያንቱ ናት።

ቤት ስትደርስ አያንቱ እንደ ሁልጊዜው ከደንበኞቿ አስቀድማ ለእሷ በብርጭቆ ቀዳችላት። ዱረቲ ብርጭቆውን ሳትነካ ሁሉንም ነገረቻት።

«ሰው አሳመምሽ እያልሽኝ ነው?»

«አይደለም አዳዳ። መምህርቷም ከምን እንደመጣ አናውቅም ነው ያሉት። ግን እኔን ሁለቱ መድኃኒቶች እምቢ ሲሉኝ ሦስተኛው ነበረልኝ። አንቺም ነበርሽልኝ። ሌላ ሰው ላይ ሦስተኛውም እምቢ እንዳይል ብዬ ነው።»

አያንቱ ዱካ ስባ ተቀመጠች። እዚያ የሆስፒታል ወለል ላይ ሆና ፈጣሪዋን ስትለምን እንደከረመች፣ መድኃኒቶቹ ለምን እምቢ እንዳሉ ግን አንድም ቀን ጠይቃ እንደማታውቅ ነገረቻት።

«ኢንተላ ኮ» አለች በመጨረሻ፣ ልጄ ስትል እንደምትጠራት። «ሐኪሙ ይምጣ።»

ሐኪሙ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የላሟ ጡት ዳግም ማበጥ መጀመሩን አይቶ ሕክምናው እስኪያልቅ፣ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ቀናት ወተቷ እንዲደፋ አዘዘ። የቀረውን እርጎም ለእርሾ እንዳታስቀር ነገራት። አያንቱ አልተከራከረችም። «የጠራችህ ልጄ ናት» ብላ ዱረቲን አሳየችው።

ያስጨነቃት ለደንበኞቿ የምትናገረው ነበር። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ደጋግማ አስተካከለች።

ዱረቲ ጫማዋን አጠለቀችና ክንዷን ያዘቻት። የመጀመሪያውን ደንበኛ በር ራሷ ልታንኳኳ ወስናለች።