በአዋጅ የቀደመው በዓል

ገዥው በተሾመ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ አንድ ረቡዕ ጧት ነጋሪት በገበያው መካከል ተጎሰመ። ዘመኑ ጠመንጃና ጦር ጎን ለጎን የሚሰለፉበት፣ ወሬ በፈረስ ጀርባ የሚሄድበት፣ የሹም ቃል ግን ከፈረስም የሚቀድምበት ዘመን ነበርና ገበያተኛው ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ጸጥ አለ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ አዋጅ ነጋሪው። «ጠላት በወሰናችን ሰፍሯል፤ ሠራዊቱ ከዛሬ ጀምሮ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ይዘምታል። ዘማች የዓመቱን በዓል ከቤተሰቡ ጋር ሳይበላ እንዳይሄድ፣ በዓሉ በአርባ ቀን ቀድሞ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ይዋል!»

በኮርቻ ሠሪዎች መንደር፣ ከዳገቱ ሁለተኛው ቤት ውስጥ፣ አንዲት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ይህን ቃል የሰማችው መርፌዋን በሐር ጨርቅ ላይ እንደያዘች ነበር። ጥልፍ በመጥለፍ የታወቀች በመሆኗ የከተማው ሰው «ጠላፊዋ» ይላታል፤ ኮርቻ ሠሪው ባሏም ከጓደኞቹ ጋር በተቀመጠ ቁጥር «ሰው ጠላፊ መጣ ሲሉት ልጁን ይደብቃል፤ እኔ ሞኙ ግን አገባኋት» እያለ ያስቅ ነበር።

በፊቷ ባለው እንጨት ላይ የተወጠረው የገዥው አዳራሽ ታላቅ መጋረጃ ነበር፤ ለበዓሉ እንዲሰቀል ታዝዛ ሰባት ወር ሙሉ ስትሠራው ቆይታለች። ንድፉን ማንም አልሰጣትም፤ ከራሷ ያወጣችው ነው፦ ሰፊ ወንዝ፣ በወንዙ ዳር ወደ በዓል የሚሄዱ ስልሳ ሰዎች፤ ስልሳውም የየራሳቸው ፊት ያላቸው። ሠላሳ ስምንቱን ፊት ጨርሳ ሃያ ሁለቱ ቀርተዋታል፤ የወንዙም ግማሽ ገና ባዶ ጨርቅ ነው። ሃምሳ ሰባት ቀን አለኝ ስትል የነበረችው ሴት፣ በአንድ ነጋሪት ድምፅ አሥራ ሰባት ብቻ ቀሯት። ይሁን እንጂ እጇን ያደነዘዘው ይህ አልነበረም። የበኩር ልጇ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ስሙም ከዘማቾቹ ጋር፣ በፊተኛው ረድፍ ተጽፏል።

አማቷ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ወገባቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ሴት ነበሩ።

«ሰማሽ? እኔ መጠጡን የጠመቅሁት ገና ትናንት ነው! ገዥው እንደፈለገ ቀን ያሳጥር፤ እርሾ አዋጅ ይሰማል?» አሉና የምራታቸውን ፊት ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጁን አሰብሽ መሰለኝ። እኔም እሱን ላለማሰብ ነው ስለ መጠጥ የማወራው።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ ሹም መጣ። ይህ ሰው ቁጣውን በለሆሳስ የሚናገር፣ ፈገግ ሲል ይበልጥ የሚፈራ ነበር።

«በአሥራ ስድስተኛው ቀን ከቀትር በፊት መጋረጃውን እወስዳለሁ» አላት።

«ጌታዬ፣ የእጅ ሥራ ነው። አይደርስም።»

«የቀሩትን ፊት አልባ አድርገሽ ተዪአቸው። ከሩቅ ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ» አለች።

ሹሙ በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተ፤ ልጇ እጅጌውን ሰብስቦ እንጨት እየፈለጠ ነበር። «ያ ልጅሽ ነው? የፊተኛው ረድፍ ክፉ ቦታ ነው። የጎተራ ጠባቂዎች ግን ከከተማ አይወጡም። መዝገቡ ያለው ደግሞ በወንድሜ እጅ ነው። አንቺ ቀኑን ጠብቂ፤ እኔም ስሙን አዛውራለሁ። ነገሩ በሁለታችን መካከል ይቅር።»

መጥረቢያው ሁለት ጊዜ ወርዶ ተነሣ። «እሺ፣ ጌታዬ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ለዚያ ቤት አልበቃ አለች። በመብራት ብርሃን ሰማያዊው ሐር ከጥቁሩ ስለማይለይ ጥልፉ የሚሠራው በቀን ብቻ ነበር፤ እህሉ የሚፈጨው፣ ግድግዳው በኖራ የሚቀባው፣ የልጁ የዘመቻ ልብስ የሚሰፋው፣ ለባሏ ወንድሞችና ለልጆቻቸው ቤቱ የሚሰናዳውም በዚያው ቀን ነበር። ባሏ ለሠራዊቱ ሰማንያ ኮርቻ ታዝዞ ከሥራ ቤቱ ቀና አላለም። አራት ዓመት የሞላት ትንሿ ልጇ በተወጠረው ጨርቅ ሥር ተንጋላ የሚወርደውን መርፌ እየጠበቀች «መጣ! ሄደ!» ትላለች፤ አንዳንዴም የክሩን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች፤ እናትም አንድ ዓይኗን ለጥልፉ፣ አንድ ዓይኗን ለልጇ፣ ጆሮዋን ደግሞ ምድጃ ላይ ለተጣደው ሰጥታ ትውል ነበር።

ያገዘቻት ጎረቤቷ የሸክላ ሠሪው ሚስት ናት። «አንቺ ከመርፌሽ አትነሺ፤ ሊጡን ለእኔ ተዪው» እያለች በየቀኑ ትመጣለች። የእሷም አንድ ልጇ ወታደር ነበር፤ ነገር ግን የጎተራ ጠባቂ ስለሆነ እንደማይዘምት የታወቀ ነው፤ ደስታዋን በጓደኛዋ ፊት ላለማሳየት ስትል ስለ ልጇ ማንሳት ትታ ነበር።

የጠላፊዋ ልጅ ጧት ጧት በበሩ ላይ ይቆማል። «እማዬ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ወንዝ ትወርጃለሽ?»

«ነገ፣ ልጄ።»

በስድስተኛው ቀን አማቷ መታገሥ አቃታቸው። «ልጅሽ ሊሄድ በጣት የሚቆጠር ቀን ቀርቶታል፤ አንቺ ጨርቅ ታቅፈሻል! ሰው እንጂ ጨርቅ አይዘምትም።»

እሷም ለመርፌዋ አዲስ ክር አስገባች፤ ብትናገር ሁሉም ነገር ይወጣ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን እኒሁ አሮጊት ማንንም ሳይጠሩ የመጠጡን እንስራ ከቦታው ሊያነሱ ሞክረው ተንሸራተው ወደቁ። እንስራው ተረፈ፤ ዳሌያቸው ግን አልተረፈም። ጠላፊዋ መርፌዋን ጥላ ወጌሻ አስጠራች፣ አሸች፣ አበላች፤ አንድ ቀን ተኩል እንዲሁ አለፈ። በማግሥቱ እኩለ ቀን ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ ልጇ እጁን ታጥቦ ከመጋረጃው ማዶ ተቀምጦ አገኘችው።

«አባቴ ቆዳ መስፋት አስተምሮኛል። ይሄ ሐር ይሁን እንጂ ያው ስፌት ነው። ወንዙን ለእኔ ስጪኝ።»

የመጀመሪያዎቹን ስፌቶች ፈታችበት፤ እንደ ኮርቻ ጠበቅ አድርጎ ይስባቸው ነበርና። ሁለተኛውንም ፈታች። ሦስተኛውን ተወችው። ሦስት ቀን እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው እሷ ፊት እሱ ውኃ ሲሠሩ ዋሉ፤ ስለ አባቱ ኩርፊያ፣ ስለ አያቱ ምላስ፣ ስሟን ስለደበቃት አንዲት ልጃገረድ አወሩ። ይህን ያህል አብረው ከተቀመጡ ዓመታት አልፈዋል። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከደስታም ከድካምም የተነሣ፣ ምስጢሩ አመለጣት።

«አትዘምትም፣ ልጄ። ከሹሙ ጋር ጨርሻለሁ። ጎተራ ትጠብቃለህ።»

መርፌው በጨርቁ ላይ ቆመ። «በእኔ ቦታ ማን ይቆማል?»

«አላውቅም።»

«ረድፍ ባዶ አይቀርም፣ እማዬ። ማን ይቆማል?»

«እኔ የወለድኩት አንተን ነው! የሌላውን እናቱ ታስብለት!»

ልጁ መርፌውን በጥንቃቄ በጨርቁ ላይ ሰክቶ ተነሣ። «እንዲህ ያለ ነገር ከአንቺ አፍ አልጠበቅሁም» አለና ወደ አባቱ ሥራ ቤት ሄደ፤ ከዚያም ወዲህ አንድ ማዕድ ላይ ቢቀመጡም ቃል አልተለዋወጡም።

ወንዙን ብቻዋን ጨረሰች። ለመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ሰዎች ግን ፊት የምትሠራበት ጊዜ አልነበራትም፤ ፊት አልባ ማድረጉንም እጇ እንቢ አለ፤ ስለዚህ ጀርባቸውን አዞረቻቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ መጋረጃውን የመረመሩ አዋቂዎች እነዚያ ዘጠኙ የዘማቾች ምሳሌ ናቸው ብለው ጻፉ። እውነቱ ግን በዚያ ቀን የሚጋገር ዳቦ መኖሩና ሁለት እጅ ብቻ ያላት መሆኗ ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሹሙ ከአራት ተሸካሚዎች ጋር መጣ። ወጥ ቤቱ በሴቶች ሳቅና በዳቦ ሽታ ተሞልቷል። መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር አየ፤ የተዞሩትን ጀርባዎች ሲያይ ቅንድቡን አነሣ፤ ተሸካሚዎቹ ጠቅልለው ሲወጡም ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ስሙ ትናንት ተዛውሯል።»

«በእሱ ቦታ ማን ገባ?»

«ምን አገባሽ?»

«ይንገሩኝ፣ ጌታዬ።»

«የጎረቤትሽ ነው መሰለኝ፤ የሸክላ ሠሪው ልጅ። ጎተራውም ረድፉም ቁጥሩ ልክ መሆን አለበት።»

ወዲያው የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ፤ የሸክላ ሠሪው ሚስት በላብ ተጠምቃ፣ ማንኪያ በእጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ከሥሩ እየደገፈች ወጣች። «አንቺ ጠላፊ! እስቲ ቅመሺልኝ፤ ጨው አበዛሁ እንዴ?» ሹሙን ስታይ ደንግጣ እጅ ነሣች፤ ማንኪያውን ግን አልመለሰችም።

ጠላፊዋ ቀመሰች። የቀመሰችው ምን እንደነበር በኋላ ልታስታውስ አልቻለችም። «ልክ ነው» አለቻት። «ምንም አልጎደለውም።»

ሴትዮዋ እየሳቀች ተመለሰች። ጠላፊዋ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ወደ ሹሙ ዞረች።

«ስሙን ወደ ቦታው ይመልሱት።»

«የማንን?»

«የልጄን። ጠላፊስ ጠላፊ ነኝ፤ የሰው ልጅ ግን አልጠልፍም።»

ሹሙ ፈገግ አለ። «እንዲህ ያለ በር ሁለት ጊዜ አይከፈትም፣ ሴትዮ። ነገ ብታለቅሺ አልሰማሽም።»

«አይስሙኝ። ካልመለሱት ግን ነገ መጋረጃው ሲሰቀል በአዳራሹ በር ቆሜ ስም በስንት እንደሚዛወር ለዘማቹ ሁሉ እናገራለሁ።»

ፈገግታው ጠፋ። ተሸካሚዎቹን ተከትሎ ወጣ፤ ከመምሸቱም በፊት መዝገቡ እንደ ነበረ ሆነ። ለልጇ አልነገረችውም፤ እሱ ግን ይህን ከረድፉ መቶ አለቃ አፍ ሰማ።

የበዓሉ ቀን ቤቱ እስከ ደጁ ሞላ። አማቷ በትራስ ተደግፈው ከመካከል ተቀመጡ፤ ገና ያልፈላውን መጠጥ ሁሉም ፊቱን እያጨማደደ ሲጠጣ «ምን ታኮርፋላችሁ? እኔን አይደለም፣ ገዥውን ውቀሱ!» እያሉ አሳቁ። ባሏም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑን ከልጁ ላይ አላነሣም። ምሳው እንዳበቃ ልጁ ከእንግዶቹ መካከል ተነሥቶ ወደ እናቱ መጣና ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ ወንዝ እንውረድ።»

ያልታጠበው ዕቃ እንዳለ፣ እንግዳው እንደተቀመጠ፣ ሻርፗን አንሥታ ተከተለችው። እስከ ማምሻው በወንዙ ዳር ሲሄዱ ያያቸው ሰው አለ፤ ምን እንደተባባሉ ግን የሰማ የለም።

በማግሥቱ ሠራዊቱ ዘመተ። ጠላት ገና ሳይደርሱበት ሰፈሩን ለቆ ሸሽቶ ነበርና አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ ነገር ግን በአንድ ረግረግ አጠገብ አምስት ወር ተሰፈረ፤ የንዳድ በሽታውም ጠላት ያላደረገውን አደረገ። ከሺህ ሰው ሦስት መቶው በዚያው ተቀበረ። የጠላፊዋ ልጅ የሞተው በአራተኛው ወር ነው።

መርዶው ሲመጣ ቀድማ የደረሰችው የሸክላ ሠሪው ሚስት ነበረች። አንድ ወር ሙሉ ከዚያ ቤት አልተለየችም፤ ምድጃውን አነደደች፣ ትንሿን ልጅ አበጠረች፣ አሮጊቷን አገላበጠች። ባል ነገሩን ሁሉ ከልጁ ሰምቶ ያውቅ ነበርና አንድ ቀን ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ጠየቃት።

«ይጸጽትሻል?»

«በየቀኑ» አለች። ደግሞም «ያቺ ሴት ማንኪያዋን ይዛ ዛሬም ብትመጣ፣ ያንኑ ነው የምለው» አለች።

ለጎረቤቷ እስከ ዕለተ ሞቷ አልነገረቻትም። የሸክላ ሠሪው ልጅ አግብቶ አምስት ልጆች ወለደ፤ በየበዓሉም ልጆቹን አስከትሎ ይጠይቃት ነበር፤ እሷም አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራች ጭንቅላታቸውን ትዳስስ ነበር።

የዚያን ዘመን ዜና መዋዕል የጻፈው ሰው ቃሉን የማያበዛ ነበር። በዓሉ በገዥው ቸርነት በአርባ ቀን ቀድሞ እንደዋለ፣ በአዳራሹም በሹሙ ትጋት የተሠራ ያማረ መጋረጃ እንደተሰቀለ፣ ሠራዊቱም ያለ ደም ድል አድርጎ እንደተመለሰ መዝግቧል። ስለ ጎተራውም አንድ መስመር ጽፏል፤ በዚያ ዓመት እህል እንዳልጎደለ።