ፈቃድ የተጠየቀበት መርዶ

የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተን ቤት የሠራነው ከቀበና ወንዝ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚያወጣው ዳገት ሥር ነው። ቤቶቹ መልካቸው አንድ ነው። ዙሪያቸውን ረጅም የግንብ አጥር ይዟቸዋል፤ መግቢያና መውጫው አንድ የብረት በር ሲሆን በሩ ላይ ጎበና የሚባል ዘበኛ ይቆማል። ወደ ላይ ሲያዩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ወደ ታች ሲያዩ የቀበና ቆርቆሮ ጣሪያ።

እንዲህ ያለ ኑሮ ጥቅም የለውም የሚል ሰው አልኖረበትም ማለት ነው። ልጆች መኪና ሳያሰጋቸው ኳስ ሲያባርሩ ይውላሉ። የተሰጣ ልብስ ከነመቆንጠጫው ይቆየናል። በሰፈሩ ውኃ ሲጠፋ በጋራ ያሠራነው ታንከር አለን። አምሽተው የሚገቡ ሴቶች በሩን ካለፉ በኋላ ዞር ብለው ወደ ኋላቸው አያዩም። እኔም ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተምሬ ከተመለስኩ በኋላ ማንም የማይረብሸኝ ቤት ያገኘሁት እዚህ ነው፤ ወድጄው ነበር። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት የምተርክላችሁ ነገር ግንብን ለማውገዝ የተነገረ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ሕጉን ያወጣነው በ1977 ዓ.ም በተደረገ ስብሰባ ላይ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሀብተወልድ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም እንግዳ ከበሩ አይለፍ። ጎበና እንግዳውን በር ላይ ያቆመዋል፤ ሄዶ ባለቤቱን ‹ይግቡ ወይ?› ብሎ ይጠይቃል። ይግቡ ከተባለ ይገባሉ፤ አይግቡ ከተባለ ይመለሳሉ። በቃ።»

ሮማነወርቅ የምትባል የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ከኋላ ሆና «አማትንም ይጨምራል?» አለች።

«አማትሽን በተለይ!» አላት አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እየሳቅን እጃችንን አወጣን።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ እየቀነሰ ሄደ። «ቆይ ልጠይቅልህ» መባል ለአገራችን ሰው ከስድብ ብዙም አይተናነስም። ከየቀድሞ ሰፈራችን የሚመጡ ሰዎች አንዴ በሩ ላይ ከቆሙ በኋላ ሁለተኛ አልመጡም። ዕድርም «ይደርሳል» እያልን አላቋቋምንም። እርስ በርሳችን ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ማን ምን እንደጎደለው ግን አናውቅም። እኔ ይህን ጨዋነት እለው ነበር።

ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺሃረግ በመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ዕድሜያቸውን የኖሩት ቀበና፣ ወንዙ ዳር ነበር። አንድ ልጅ አላቸው፤ ፀሐዬ ይባላል። ወደ አዲሱ ቤት በገቡ በዓመቱ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ።

በ1978 ዓ.ም ኅዳር ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ለዕለቱ የመስክ ሥራ የሚወስደኝን ላንድሮቨር ልጠብቅ ወደ በሩ ወጣሁ። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ከብረቱ በር ውጭ ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል። ከፊት የቀበናው ዕድር ዳኛ አቶ ዋቅጅራ ነበሩ፤ ከአጠገባቸው የወይዘሮ የሺሃረግ የልጅነት ጓደኛ ወይዘሮ ታደለች።

«ማንን ነው?» አለ ጎበና።

«የሺሃረግን።»

«ጉዳዩስ?»

«ለእሷ የምንነግራት ነው» አሉ አቶ ዋቅጅራ ዝግ ብለው።

«እንግዲያው ልጠይቃቸው።»

«ምን ብለህ?» አሉ ወይዘሮ ታደለች።

«ይግቡ ወይ ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የምትጠብቀው? በዚህ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው? እናት የለህም?»

«አለችኝ እትዬ፤ ልጆችም አሉኝ። ባለፈው ሳልጠይቅ አንድ ሰው አስገብቼ ከሥራዬ ልባረር ነበር።»

አቶ ዋቅጅራ እኔን አይተው በበሩ ፍርግርግ ጠሩኝና በጆሮዬ ነገሩኝ። ፀሐዬ ሞቷል። አብሮት የነበረ የሰፈር ልጅ ቆስሎ ሲመለስ ወሬውን ይዞ መጥቷል።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የቅርብ ሰዎች ሳይታሰቡ ይደርሳሉ። አንዱ ይናገራል፤ ሌሎቹ ይይዛሉ። ወሬው ወደ ጆሮ ሲገባ እጅ ትከሻ ላይ ደርሷል። ይህን ያወጡት ሰዎች ትልቅ ነገር አውቀው ነው ያወጡት።

ጎበናን «አስገባቸው፤ እኔ ኃላፊ ነኝ» አልኩት። እሱ ግን «አቶ ሀብተወልድ ይበሉኝ» አለ። ሄደን መስኮታቸውን አንኳኳን። በመጋረጃው ጥግ ፊታቸው ብቅ አለ፤ ወዝ የለውም።

«እንግዳ ነው? ሕጉ አለ አይደል? ይጠየቁና ይግቡ» አሉና መጋረጃውን መለሱት። የእንግዶቹን ጉዳይ ለመስማት እንኳ አልቆሙም።

ጎበና ወደ ወይዘሮ የሺሃረግ መስኮት ሄደ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«ጎበና ነኝ እትዬ። እንግዶች መጥተዋል፤ ከቀበና ነን ይላሉ። ይግቡ ወይ?»

«ከቀበና እነማን?»

«አቶ ዋቅጅራ አሉ፣ ወይዘሮ ታደለች አሉ፣ ሌሎችም ብዙ ናቸው።»

እሳቸውም በር ላይ የመጣ ነጋዴ የሚመልሱ በሚመስል ድምፅ፣

«አይግቡ» አሉ።

ተመልሼ ይህንኑ ተናገርኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔም የተማርኩትን ይዤ «እንግዲህ መብታቸው ነው፤ ሰው ቤቱን የመዝጋት መብት አለው» አልኩ። አቶ ዋቅጅራ አዩኝና ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ያልኩትን ራሴም አምኜበት እንደሆነ አላውቅም።

በዚያ ቀን ወይዘሮ የሺሃረግ እንደ ልማዳቸው ሥራ ገቡ። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ግቢው ውስጥ ገብቶ ያነሳል፣ ግቢው ውስጥ መልሶ ያወርዳል፤ ስለዚህ መንገድ ዳር የቆሙት ወይዘሮ ታደለች በሰርቪሱ መስኮት ከማየት በቀር አላገኟቸውም። ቢሮ ሄዶ መንገርም የማይሆን ነው፤ እናት በጽሕፈት መኪና ፊት መርዶ አይነገራትም። እስከ እኩለ ቀን ግቢውም መሥሪያ ቤቱም ወሬውን አወቀ። አንድም ሰው ግን አልተነፈሰም። እሳቸው መርዶውን ሳይረዱ መናገር ነውር ነው፤ ማርዳት ደግሞ ቅርብ መሆንን ይጠይቃል። እኛ የግንብ ዘመዶች ነበርን።

አመሻሽ ላይ ወይዘሮ የሺሃረግ በአጥር በኩል ጠሩኝ።

«አካሉ፣ የፀሐዬ ክፍል መስታወት ተሰንጥቋል። ለገና ፈቃድ ሊሰጡት ይችላሉ። ብርድ እንዳይገባበት።»

መስታወት ገዝቼ ገጠምኩ። እሳቸው ስቱኮውን ይዘው ያቀብሉኛል። ክፍሉ ተጠርጓል፤ አልጋው ተነጥፏል።

«አንተ ውጭ አገር የተማርክ ነህ» አሉኝ። «እስቲ ንገረኝ፤ ያልተነገረ ነገር ሆኗል ይባላል?»

ስቱኮውን በጣቴ እያለሰለስኩ «እኔ አላውቅም እትዬ» አልኩ። በልቤ ምንም ነገር አልተሰማኝም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ እነአቶ ዋቅጅራ ተመለሱ። ጎበና ጠየቀ፤ «አይግቡ» ተባለ። በቀጣዩም እንዲሁ። ሮማነወርቅ ስለ ወይዘሮ የሺሃረግ ቢሮ ውስጥ ያየችውን ደረጃ ላይ አግኝታኝ ነገረችኝ።

«ምሳቸውን ከፍተው መልሰው ይከድናሉ። ዛሬ ደግሞ ወረቀት ሳያስገቡ ሲመቱ ዋሉ። ሮለሩ ላይ ዝም ብለው ፊደል ይደበድባሉ። ለምን ዝም እንላለን? እብድ እስኪሆኑ ነው የምንጠብቀው?»

በዚያው ማታ አቶ ሀብተወልድን ቤታቸው ሄጄ ያየሁትን ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ እስከ በር ሸኙኝ። በነጋታው ማለዳ ግን ካፖርታቸውን ደርበው በሩ ላይ አገኘኋቸው። እነአቶ ዋቅጅራ ውጭ ቆመዋል።

«አባባ ዋቅጅራ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ አቶ ሀብተወልድ። «ተጠየቁ፤ አይግቡ አሉ። ሰው ቤት በግድ ይገባል?»

«አቶ ሀብተወልድ፣ መርዶ ፈቃድ ተጠይቆበት ያውቃል? እስቲ አንተ ብትሆን ይግቡ ትላለህ?»

«አልልም።»

«እሷም ያለችው ይኸንኑ ነው። ማን ይላል?»

ወይዘሮ ታደለች ጣልቃ ገቡ። «እናንተ ሌባ ፈርታችሁ ነው ወይስ እኛን? እኛ ምን ልንሰርቅ ነው? እንባዋን?»

አቶ ሀብተወልድ የበሩን ብረት ያዙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያን ጊዜ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረውን ተናገሩ።

«በ1970 ዓ.ም ወንድሜን የወሰዱት ከእኔ ቤት ነው። እንዲህ በማለዳ ነበር ያንኳኩት። የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ በሬ ሲንኳኳ በመጋረጃ ጥግ ሳላይ አልከፍትም። ይህን ሕግ ያወጣሁት ለዚህ ነው። ማንም ድንገት እንዳያንኳኳ።»

ጎበና መሬት መሬት አየ። አቶ ዋቅጅራ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። ያኔ ማን ይዞህ አለቀስክ?»

«ማንም። ማልቀስም ክልክል ነበር።»

«አየህ። እኛ የመጣነው የሺሃረግ እንዳንተ እንዳትቀር ነው።»

አቶ ሀብተወልድ ወደ ጎበና ዞሩና «ክፈት» አሉት።

«ልጠይቅ?»

«አትጠይቅ። ክፈት።»

ሰዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ገቡ። የወይዘሮ የሺሃረግ በር ላይ ስንደርስ አቶ ዋቅጅራ ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሡ። አቶ ሀብተወልድ «እኔ ላንኳኳ» አሉ። ካፖርታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው አንኳኩ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ወይዘሮ የሺሃረግ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው ቆመዋል። ያደሩት ከበሩ ኋላ ነው የሚመስለው። አቶ ሀብተወልድን አላዩአቸውም፤ እኔንም አላዩኝም። በትከሻችን ላይ አሻግረው ወይዘሮ ታደለችን ፈለጉና፣

«ታዱ፣ ምነው እስካሁን ቀረሽብኝ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገረው አቶ ዋቅጅራ ይሁኑ ሌላ ሰው አላስታውስም። ሴቶቹ ይዘዋቸው ነበር። ጩኸቱ ሲወጣ በግቢው ያለው መብራት ሁሉ አንድ በአንድ በራ፤ ሰው በሌሊት ልብሱ ላይ ጋቢ እየደረበ ወጣ። ፀሐይ ስትወጣ የብረቱ በር እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የቀበና ሰው ወንበርና ድንኳን ተሸክሞ ሲገባ፣ ጎበና የድንኳኑን ቋሚ ይዞ ነበር። አቶ ሀብተወልድ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ለፀሐዬ ብቻ እንዳላለቀሱ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ከሰልስት በኋላ ተሰብስበን ሕጉን አሻሻልን። ግንቡ አልፈረሰም፤ ጎበናም ከሥራው አልተነሣም። ሌባ ዛሬም ሌባ ነውና። ነገር ግን ለለቅሶ፣ ለበሽተኛ፣ ለምጥ የመጣ ሰው አይጠየቅም፤ ይገባል። የቀበናውም ዕድር በአባልነት ተቀበለን።

ወገኖቼ፣ ቤታችሁን እጠሩ፤ ልጆቻችሁን ጠብቁ። ሰው ዕረፍት ይፈልጋል፤ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይፈልግ ነበር። ነገር ግን ለሠርግና ለልደት «ይግቡ» ማለት ማንም ይችላል። ሐዘንን «ይግባ» ብሎ የሚጠራ የለም፤ ተጠይቆም የሚፈቅድ የለም። ስለዚህ ሳይጠይቅ የሚገባ ሰው ያስፈልገናል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በር ላይ ሲያቆሙት ውለው በቸገረ ቀን አያገኙትም።

እኔ አሁንም በዚያው ግቢ እኖራለሁ። ዝምታውን አሁንም እወዳለሁ፤ መውደዴም ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ ለቅሶ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ያዘኝ። የእኔ ቀን ሲመጣ ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ ተሰብስበው የሚቆሙት እነማን ናቸው? ቆጥሬ አንድም ሰው ማግኘት አቃተኝ። በመጀመሪያው እሑድ ቁልቁል ወደ ቀበና ወረድኩና አቶ ዋቅጅራ ቤት ገባሁ። በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር፤ ደጅ ላይ የጠየቀኝ የለም።